ኬሞቴራፒ ለሚወስድ ሕመምተኛ የአፍ አጠባበቅ

የነቀርሳን ሕዋስ ለማጥፋት የሚሰጠው የኬሞቴራፒ መድኃኒት ፈጥኖ የሚባዛውን ሕዋስ ሁሉ የሚያጠቃ ስለ ሆነ፣ ዘወትር የሚታደሰው የአፍ ውስጥ ስስ ልባስ አብሮ ይጎዳል፤ ቁስሉም አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው መድኃኒቱ በተሰጠ ከ5 እስከ 10 ባለው ቀን፣ ይኸውም ሕመምተኛው ከአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በጉራጌ ወዳለችው አረቅጥ ከተማ ተመልሶ ከሐኪሙ በራቀበት ሰዓት በመሆኑ፣ የአፉ ጥበቃ በአስታማሚው እጅ ይወድቃል።

በመጀመሪያ፣ መድኃኒቱ ሳይጀመር ጥርሱን ለጥርስ ሐኪም ያሳይ፤ የሚነቀል ካለ ድዱ እንዲሽር 2 ሳምንት ያህል ቀድሞ ቢነቀል መልካም ነው። ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ ግን የነቀርሳ ሐኪሙ የደሙን ምርመራ አይቶ ሳይፈቅድ ጥርስ አይነቀል።

ቀጥሎ፣ በየማለዳው 1 ሊትር ውኃ አፍልቶ፣ ለብ ሲል 1 የሻይ ማንኪያ ጨውና 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጦ በንጹሕ ዕቃ ማስቀመጥ፣ ሕመምተኛውም ከምግብ በኋላና ከመኝታ በፊት፣ አፉ ከቆሰለም በየ2 ሰዓቱ እየተጉመጠመጠ እንዲተፋው ማድረግ ነው። አልኮል ያለበት መጉመጥመጫ ያቃጥላልና ይቅር። መፋቂያን ከልጅነቱ የለመደ ሰው መተዉ ቢከብደውም፣ መድኃኒቱ ደምን የሚያረጉትን ሕዋሳት ስለሚያሳንስ በእንጨት የተጫረ ድድ ደሙ ቶሎ አይቆምምና፣ ለስላሳ ብሩሽ በለብታ ውኃ አርሶ ይጠቀም።

ስለ ማዕዱ ጥቂት ሰፋ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል። ለሚወዱት ሰው ክትፎ ማቅረብ በጉራጌ ቤት የክብርና የፍቅር መግለጫ ነው፤ ነገር ግን ነጭ የደም ሕዋሱ ላነሰበት ሕመምተኛ ጥሬውም ለብለቡም የተሕዋስያን መግቢያ ስለ ሆነ፣ ሚጥሚጣውም ቁስሉን ስለሚያነደው፣ ሥጋው ደቅቆና ፈጽሞ በስሎ ያለ ሚጥሚጣ ይቅረብለት። እኔስ ከሁሉ የምመርጥለት የእንሰት አገር የሆነችው ጉራጌ ከእንሰቷ የምታወጣውን ቡላ ነው፤ ቀጠን ብሎ ተሠርቶ ለብ ሲል ጉሮሮን ሳይጭር ይወርዳልና። ሆኖም ቡላ ብቻውን ሥጋን አይገነባም፤ ስለዚህ የፈላ ወተት ወይም በሚገባ የበሰለ እንቁላል ይታከልበት፤ በጾም ወራት ቢሆንም ጾሙ በድውይ ላይ እንዳልተጫነ የነፍስ አባቱም ሆነ ሼኹ ይነግሩታል። ደረቅ ቆጮ፣ ቆሎ፣ ሎሚ፣ ትኩስ ቡናና አረቄ ቁስሉ እስኪሽር ይራቁ።

በአፉ ነጭ ሽፋን ቢታይ በጣት አይፋቅ፤ የፈንገስ መድኃኒት በሐኪም ይታዘዝለት። የሰውነቱ ሙቀት 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ውኃ መዋጥ ካቃተው ወይም ከአፉ የሚፈሰው ደም አልቆም ካለ ግን፣ ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ በአቅራቢያው ወዳለው ሆስፒታል ይወሰድ፤ ኬሞቴራፒ የሚወስድ መሆኑና የወሰደበትም ቀን በድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ ይነገር። ቁስሉ የወጣበትና የሻረበት ቀንም በወረቀት ተጽፎ ለሚቀጥለው ቀጠሮ ይቀመጥ፤ ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን ሲወስን ይመለከተዋልና።