ተራራ ላይ ቤት ለመግዛት ቀብድ ከመክፈል በፊት

በተራራ ላይ በምትገኝ ትንሽ የመዝናኛ ከተማ ቤት መግዛት የሚያስብ ባለሀብት ከዋጋው አስቀድሞ ቤቱ ለምን አገልግሎት እንደተፈቀደ መጠየቅ ይኖርበታል። ለዚህ ስዊዘርላንድ ጥሩ ትምህርት ትሰጣለች።

እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2012 የአገሪቱ መራጮች፣ ከጠቅላላ ቤቶቹ ከ20 በመቶ በላይ ዋና መኖሪያ ባልሆኑበት ቀበሌ አዲስ የዕረፍት ቤት እንዳይሠራ ወሰኑ። ምክንያቱም አብዛኛውን ዓመት ተዘግተው የሚከርሙ ቤቶች ተራራውን እየሸፈኑት በመምጣታቸው ነው። ዝርዝር ሕጉ በ2016 ሥራ ላይ ዋለ።

በዚህም ሳቢያ እንደ ቬርብዬ ባሉ ከተሞች ገበያው ለሁለት ተከፍሏል። ከዚያ ቀን በፊት የነበረ ወይም ፈቃድ ያገኘ ቤት በመርህ ደረጃ ለመኖሪያም ለዕረፍትም ይሆናል። ከዚያ ወዲህ የተፈቀደው ግን ባብዛኛው ለቋሚ ነዋሪ ብቻ ነው፤ ገደቡም በመሬት መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ስለሆነም ገዢው ጥቂት ነው።

ነዋሪ ያልሆነ የውጭ ዜጋ ደግሞ የዕረፍት ቤት ለመግዛት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ኮታው ለመላ አገሪቱ በዓመት 1,500 ሲሆን፣ ቤቱን ዓመቱን ሙሉ ማከራየት አይፈቀድም። ግዢው የመኖሪያ ፈቃድም አያስገኝም። በዚያው የሚኖርና ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ኢትዮጵያዊ ግን ኮታው አይመለከተውም።

እንግዲህ ሦስት ጥያቄዎች ይቅደሙ፦ ቤቱ መቼ ተፈቀደ? በመዝገቡ ላይ ምን ገደብ ተጽፏል? ነገ ልሽጠው ብል ማን መግዛት ይችላል? ለመጨረሻው ጥያቄ ደላላው በቂ መልስ ከሌለው፣ ዋጋው ቢረክስም ቀብዱ ከኪስ አይውጣ።