በተከታታይ ውንብድና ጥፋተኛ የተባለ ሰው የይግባኝ መብት

ውንብድና በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 670 መሠረት ከ1 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። በመሣሪያ ወይም በሌላ አደገኛ ነገር ከተፈጸመ አንቀጽ 671 ይጠቀሳል፤ መነሻው 5፣ ጣሪያው 25 ዓመት ይሆናል። ሰው ከሞተ ወይም ለዘለቄታው አካሉ ከጎደለ ቅጣቱ ከዚህም ይከብዳል። በእንዲህ ያለ ክስ ጥፋተኛ የተባለ ሰው ለበላይ ፍርድ ቤት ይግባኝ የማለት መብቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ተረጋግጧል። ቢሾፍቱ ላይ የተወሰነ ጉዳይ ይግባኙ የሚሄደው በኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች መሰላል ነው፤ የወረዳ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወደ ከፍተኛው፣ ከፍተኛው በመጀመሪያ ደረጃ ያየው ወደ ክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት።

ጥፋቱን በችሎት አምኖ የተፈረደበት ሰው ግን በጥፋተኛነቱ ላይ ይግባኝ ማለት አይችልም። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 185 የሚተውለት በቅጣቱ ልክና ሕጋዊነት ላይ መከራከርን ብቻ ነው። "ካመንክ ይቀልልሃል" የሚል ምክር የሚሰማ ተከሳሽ ይህን አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል።

በተከታታይ ውንብድና ጉዳይ ትልቁ ስሕተት ሦስት አራቱን ክስ እንደ አንድ ታሪክ አድርጎ ይግባኝ መጻፍ ነው። እያንዳንዱ ክስ በራሱ ማስረጃ መቆም አለበት። ለምሳሌ ቢሾፍቱ ውስጥ አንድ ወጣት በሦስት ክስ ጥፋተኛ ተባለ እንበል፦ በሆራ ሐይቅ ዳር ጩቤ አውጥቶ ሞባይል በመውሰድ፣ መናኸሪያ አካባቢ የባጃጅ ሹፌር በሽጉጥ በማስፈራራት፣ በባቦጋያ መንገድ ቦርሳ በመንጠቅ። በመጀመሪያው የግል ተበዳዩ መልኩን በብርሃን አይቶ ለይቶታል። በሁለተኛው ያለው ማስረጃ የሹፌሩ ስልክ በእጁ መገኘቱ ብቻ ነው። ስልኩን መያዝ ዘረፋውን ከመፈጸም እኩል አይደለም፤ የተሰረቀ ዕቃ ገዝቶም ሊሆን ይችላል፤ ይህም የራሱ ወንጀል ቢሆን እንኳ ውንብድና አይደለም። ሦስቱ ድርጊቶች በአፈጻጸም መመሳሰላቸውም የፈጻሚውን ማንነት ብቻውን አያስረዳም።

ሦስተኛው ክስ ሌላ ጥያቄ ያስነሳል። ውንብድና የሚሆነው ተበዳዩ እንዳይከላከል ኃይል ወይም ከባድ ዛቻ ሲሠራበት ነው። ቦርሳው ሳይታሰብ ከኋላ ተነጥቆ ከሆነ ድርጊቱ ወደ ስርቆት ይጠጋል፤ አንቀጽ 665 ደግሞ ከ5 ዓመት የማይበልጥ ጽኑ እስራት ወይም ቀላል እስራት ነው የሚያስቀጣው። ስለዚህ አንቀጹን ማስለወጥ ብቻውን ብዙ ዓመት ያድናል።

ከማስረጃዎቹ ሁሉ ብርቱ ክርክር የሚነሳበት ለፖሊስ የተሰጠ የእምነት ቃልና "ቦታውን መርቶ አሳይቷል" የሚለው ሰነድ ነው። በማስገደድ የተገኘ ቃል ተቀባይነት እንደሌለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ይደነግጋል። ይሁንና ተቃውሞው በሥር ፍርድ ቤት ተነስቶ መዝገብ ላይ ከሌለ በይግባኝ መሟገት በጣም ይከብዳል። በይግባኝ አዲስ ማስረጃ የሚሰማው ፍርድ ቤቱ አስፈላጊ መሆኑን ሲያምንበትና ምክንያቱን ሲመዘግብ ብቻ ነው።

ተደራራቢ ወንጀሎች ሲኖሩ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 184 መሠረት ለእያንዳንዱ የተወሰነው ቅጣት ይደመራል፤ ድምሩ ግን ለጽኑ እስራት ከተወሰነው ጣሪያ አያልፍም። ከላይ ላለው ወጣት 8፣ 7 እና 6 ዓመት ተወስኖ 21 ቢደርስ፣ በሁለተኛው ክስ ነፃ ቢባል 14 ይቀራል።

ይግባኝ የማለት ሐሳቡ ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ለፈረደው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ይገለጻል። የውሳኔ ግልባጭ ከተወሰደ በኋላ ዝርዝር ቅሬታው በ30 ቀን ይቀርባል። ጊዜው ያለፈበት ሰው በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 191 ማስፈቀጃ ሊጠይቅ ይችላል፤ መዘግየቱ በራሱ ጥፋት አለመሆኑን ግን ማስረዳት አለበት። ይግባኝ መቅረቡ ብቻውን ቅጣቱን አያግድም፤ እግድ የሚጠየቀው በአንቀጽ 188 ነው።

ይግባኝ ሰሚው ፍርዱን ሊያጸና፣ ሊሽር፣ ቅጣቱን ሊቀንስ ወይም ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ሊያዝዝ ይችላል። አብረው ከተፈረደባቸው መካከል አንዱ ብቻ ይግባኝ ብሎ ቢረታ፣ ይግባኝ ቢሉ ኖሮ ይጠቀሙ የነበሩት ሌሎቹም የውሳኔው ተጠቃሚ እንዲሆኑ አንቀጽ 196 ይፈቅዳል። አቅም አጥቶ ይግባኝ ላልጠየቀ ወንድም ይህ ድንጋጌ ትልቅ ነገር ነው።

ከይግባኝ በኋላ የሚቀረው ሰበር ሲሆን የሚመረምረው መሠረታዊ የሕግ ስሕተትን ብቻ ነው። የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ፣ የፌዴራሉ ሰበር ደግሞ አማርኛ በመሆኑ፣ እስከዚያ ለመድረስ ያሰበ ቤተሰብ የውሳኔዎቹን ትርጉም ጊዜ ሳያልፍ ማዘጋጀት ይኖርበታል።