ልጁን ብቻ ሳይሆን ቤቱን



የ1977ቱን ድርቅ ላዩ አያቶቻችን የልጅ መወፈር የጥጋብ ምልክት ነው። አይፈረድባቸውም፤ ዛሬም በደባርቅና በዳባት ገጠር በምግብ እጥረት የሚቀነጭሩ ልጆች አሉ። ጎንደር ከተማ ውስጥ ግን ትምህርት ቤት በባጃጅ የሚመላለስ፣ ከሰዓት ቴሌቪዥን ፊት የሚውል፣ ብስኩትና ለስላሳ ከእጁ የማይጠፋ ልጅም እያየን ነው። ከልክ ያለፈ ውፍረት ደግሞ ለስኳር በሽታና ለደም ግፊት ያጋልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ከ5 እስከ 19 ዓመት ካሉት ውስጥ ከ390 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ክብደታቸው ከመጠን ያለፈ ነበር።

እንዲህ ያለ ልጅ ያለበትን ቤተሰብ እንዴት እናግዝ?

1. አናሸማቅቀው። «ወፍራሙ» እያልን የሳቅንበት ልጅ ተደብቆ ይበላል እንጂ አይቀንስም።

2. ለብቻው አንከልክለው። እኛ ለስላሳ እየጠጣን እሱን ውሃ ጠጣ ማለት ቅጣት ነው። እስቲ እናስላ፦ በ100 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ውስጥ ወደ 10 ግራም ስኳር አለ። 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 30 ግራም፣ ማለትም ከ7 የሻይ ማንኪያ በላይ ይይዛል። በማዕዱ ላይ ለሁሉም ውሃ ይቅረብ። በብስኩት ፈንታ ቆሎ ወይም ብርቱካን ይኑር።

3. «በሞቴ!» ይቅር። የጠገበ ልጅ ጉርሻ አይጨመርለት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሆዳችንን ለምግብ፣ ለመጠጥና ለትንፋሽ እንድናካፍል አስተምረውናል። በረመዳን ማታ ሳምቡሳ ሲደረደርም ይህን እናስታውስ።

4. አብረነው እንንቀሳቀስ። ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች የሚመከረው በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ነው። ለዐስር ሶላት መስጂድ በእግር ይዘነው እንሂድ፤ ስንመለስ ኳስ እንጫወት።

5. በዓይን አንፍረድ፣ አናስርበውም። የልጅ ክብደት የሚመዘነው ከቁመቱ፣ ከዕድሜውና ከፆታው ጋር ነው፤ ስለዚህ ወላጆች ጤና ባለሙያ ያማክሩ። በማደግ ላይ ላለ ልጅ ብዙ ጊዜ ክብደቱ ባለበት ቆሞ ቁመቱ ቢጨምር ይበቃል።

ለእናቶቻችን ይህን ስንነግር በአክብሮት ይሁን። «አጥፍተሻል» ከማለት ወጥ ቤት ገብተን ማገዝ ይሻላል። ደግሞም ከራሳችን እንጀምር፦ ለእረፍት ወደ ቤት ስንገባ ለትንንሾቹ ከረሜላና ለስላሳ ተሸክመን የምንሄደው እኛው ነን። ዘንድሮ በሻንጣችን ኳስ ይግባ።

አላህ ልጆቻችንን በጤና ያሳድግልን። አሚን!