ለጠላ የሚሆን እህል በጓሮ ጎተራ ስለ መጠበቅ

በኢትዮጵያ የእህል መጠጥ ከሰርግና ከተዝካር፥ ከማኅበርና ከደቦ ሥራ አይለይም። ስለዚህ በየቤቱ ለጠላ የሚሆን ገብስ፥ ዳጉሳ፥ በቆሎ ወይም ማሽላ ከምግቡ እህል ተለይቶ ከጓሮ ባለች ጎጆ ይቀመጣል። ነገር ግን ብዙ ሰው «ተቈልቶ ተፈጭቶ ለመጠጥ ነው» እያለ፥ ዝናብ የነካውንና ነቀዝ የበላውን እህል ለጠላ ይተወዋል። ይህ አሳብ ስሕተት ነው። የጠላ እህል ከእንጀራ እህል ይልቅ ጥበቃ የሚያስፈልገው ስለ ሁለት ምክንያት ነው።

ፊተኛው፥ ለብቅል የሚሆነው እህል ሕይወት ያለው መሆን ስለሚገባው ነው። ለእንጀራ የተመደበ እህል የመብቀል ኀይሉን ቢያጣም ይፈጫል፤ የሞተ ገብስ ግን ተነክሮ ቢታፈን ይሸታል እንጂ አይበቅልም፤ ካልበቀለም የእህሉን ዱቄት ወደ ስኳር የሚለውጠው ኀይል አይገኝበትም። ሁለተኛው፥ በሻገተ እህል ውስጥ የሚፈጠረው መርዝ በእሳትም ሆነ በጥንስሱ መፍላት ፈጽሞ ስለማይጠፋ ነው።

እህሉ ሕይወት ያለው መሆኑን መመርመር ቀላል ነው። 100 ፍሬ ቈጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ሙቀት ባለበት ቦታ ማስቀመጥና እስከ 5ኛው ቀን የበቀለውን መቍጠር ነው። 95 ወይም ከዚያ በላይ ቢበቅል ለብቅል እጅግ መልካም ነው፤ ከ80 በታች ቢሆን ግን ለብቅል መድከም አይገባም። አዲስ የታጨደ ገብስ ለጥቂት ሳምንታት ሳይሞት እንደ ተኛ የሚቈይበት ጊዜ ስላለ፥ ፈጥኖ ባይበቅል ሞቷል ተብሎ አይፈረድበትም፤ ቈይቶ ደግሞ ይመረመራል።

የጥበቃው ሁሉ መሠረት ድርቀት ነው። እህል በጎተራ ተቀምጦም ይተነፍሳል፤ እርጥብ እንደ ሆነ ትንፋሹ በርትቶ ራሱን ያሞቃል፥ ሙቀቱም ሻጋታንና ነቀዝን ያበዛል። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ እህል ከክብደቱ ከ100 እጅ ውኃው ከ13 እጅ የማይበልጥ ሊሆን ይገባል። ይህንንም ያለ መሣሪያ ለመገመት በደረቅ ጠርሙስ እስከ ሲሶው ድረስ እህል፥ ከዚያም ጥቂት ደረቅ ጨው ጨምሮ ከድኖ ለ10 ደቂቃ ያህል መነቅነቅ ነው። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ቢጣበቅ እህሉ ገና እርጥብ ነው፤ ባይጣበቅ ውኃው ወደ 15 እጅ ወርዷል ማለት ስለ ሆነ፥ አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ ተጨምሮለት ይገባል። የሚሰጣውም በሰሌን ወይም በጀንዲ ላይ እንጂ በባዶ መሬት ላይ አይደለም፤ ከፀሐይ ሲነሣም ሳይበርድ በጎተራ አይጨመርም።

ጎተራው ከመሬት 2 ክንድ ያህል ከፍ ብሎ በእግሮች ላይ ቢቆም፥ በእያንዳንዱም እግር ላይ አፉ ወደ ታች የተደፋ የቆርቆሮ ቆብ ቢደረግ አይጥ መውጣት አይሆንላትም። ነገር ግን የዛፍ ቅርንጫፍ ወይም የቤት ጣራ ከነካው ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው። ክዳኑ ሰፊ ሆኖ ዝናቡን ከግድግዳው ያርቅ። እህሉ በጆንያ የሚቀመጥ ከሆነ በእንጨት ርብራብ ላይ፥ ከግድግዳውም አንድ ስንዝር ርቆ ይደርደር።

አዲስ እህል ከመግባቱ በፊት አሮጌው ፈጽሞ ወጥቶ፥ ጎተራው ተጠርጎ፥ ስንጥቁ ሁሉ ሊለሰን ይገባል። ነቀዝ ፍሬውን በስታ ዕንቍላሏን ትጥልና ቀዳዳውን መልሳ ትደፍነዋለች፤ ትሉም በውስጥ ሆኖ ስለሚበላ ፍሬው ከውጭ ሲያዩት ጤነኛ ይመስላል። ስለዚህ በየ15 ቀኑ እጅን ወደ እህሉ ውስጥ አስገብቶ መመርመር ያስፈልጋል፤ የሞቀ ወይም የሻጋታ ሽታ ያለው ቢገኝ በዚያው ቀን አውጥቶ ማስጣት ነው። ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና። ጤፍ ፍሬው ደቃቅ ስለ ሆነ ነቀዝ አይራባበትም፤ ስለዚህ ባላገር ጤፍን ከማሽላ ጋር ቀላቅሎ ክፍተቱን መሙላቱ የሚመሰገን ብልሃት ነው፤ በኋላም በወንፊት ይለያል። በሚገባ የደረቀ እህል አየር በማያስገባ ከረጢት ቢታሰር ነቀዝ በአየር ማጣት ይሞታል፤ እርጥብ እህል ግን እንዲህ ቢታሰር ይበላሻል።

ብቅል ከደረቀ በኋላ እርጥበትን ፈጥኖ ስለሚስብ ከጥሬው እህል ጋር አይቀላቀልም፤ በደረቅ እንስራ ሆኖ አፉ ተከድኖ ይለሰናል። ጌሾም ለብቻው በደረቅ ቦታ ይሰቀላል።

ከሁሉም በላይ ከሦስት ነገሮች መጠንቀቅ ይገባል። አንደኛው፥ በማሳ ሳለ በእህልና በሲናር ራስ ላይ የሚወጣው ጥቍርና ረዘም ያለ፥ ቀንድ የሚመስል ፍሬ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1978 ገደማ በወሎ፥ በ2001ም በአርሲ የብዙ ሰዎች እግርና እጅ እየጠቈረ እንዲደርቅ ያደረገው ይህ ነው፤ ስለዚህ እህሉ ወደ ጎተራ ሳይገባ ተበጥሮ ይለቀም። ሁለተኛው ሻጋታ ነው። በ2004 በምሥራቃዊ ኬንያ በሻገተ በቆሎ ምክንያት 317 ሰዎች ታመው፥ ከነዚህም 125 ሞተዋል፤ ከበቆሎውም ብዙው ሳይደርቅ በየቤቱ የተከማቸ ነበር። ሦስተኛው ለዘር ተብሎ በመድኃኒት የተለወሰ እህል ነው። በ1971 እና በ1972 በኢራቅ ባላገሮች እንዲህ ያለውን ስንዴና ገብስ ቢበሉ 459 ሰዎች በሐኪም ቤት ሞቱ፤ ቀለሙን በውኃ ያጠቡትም መርዙ አልለቀቃቸውም። እንዲህ ያለ ዘር ለእንጀራም ለጠላም ለከብትም አይሆንም።

እንግዲህ ሕዝብ የሚያስተዳድር ሁሉ ይህን ምክር ከመከር በኋላ፥ ጎተራ ከመሞላቱ በፊት፥ በገበያ ቀን ቢያስነግርና የጨውን ምርመራ በሕዝብ ፊት ቢያሳይ መልካም ነው። በመድኃኒት የተለወሰ ዘር በእህል ገበያ እንዳይሸጥም ይጠብቅ። መሬት ያለውም ሰው እህል በሚቀበልበት ጊዜ እርጥቡን ከደረቁ ጋር አይቀላቅል፤ አንድ ቍና እርጥብ እህል ጎተራውን ሁሉ ሊያበላሽ ይችላልና። ባላገር የሚሰማው ከተነገረው ይልቅ ያየውን ስለ ሆነ፥ የሹሙና የባለ መሬቱ ጎተራ አስቀድሞ የተስተካከለ ይሁን። ለሰርግ ተጠምቆ የቀረበ ጠላ የደስታ መጠጥ ሆኖ የሚቀረው እህሉ በጥንቃቄ የተጠበቀ እንደ ሆነ ነው።