«ብዙ ጊዜ ተጠቅሷል» ሲባል

ስለ አንድ የሕክምና ተመራማሪ ስንዘግብ «ጥናቱ ይህን ያህል ጊዜ ተጠቅሷል» ማለት ይቀናናል። ኤች-ኢንዴክሱ 20 ነው ከተባለ፣ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች አሉት ማለት ነው። ምን እንዳገኘ ግን ቁጥሩ አይነግረንም።

ምሳሌ ላንሳ። ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ በወላይታ ፖዶኮኒዮሲስ ስለሚባለው ዝሆኔ ያጠኑት በ2012 እ.ኤ.አ. በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ወጣ። በዘር የሚወረሰው ተጋላጭነቱ ነው። በሽታው የሚመጣው ለዓመታት በባዶ እግር ቀይ አፈር ከመርገጥ ነው፤ ጫማ ይከላከለዋል። እንግዲህ «ዝሆኔ በዘር ይተላለፋል» ብለን ብቻ ብንጽፍ፣ ተበላ ላይ የአንዲት ልጅ ትዳር ሊፈርስ ይችላል። ስለዚህ እኔ የምለው፣ ቁጥሩን ከመጥቀሳችን በፊት ጽሑፉን እናንብብ ነው።