የጭነት መኪና ስንከራይ ቁመቱን እንጠይቅ

ቤት ስንቀይር ዕቃችንን ለማጓጓዝ የጭነት መኪና እንከራያለን። በተራው የቢ ደረጃ መንጃ ፈቃድ ጠቅላላ ክብደቱ እስከ 3,500 ኪሎ የሆነ መኪና መንዳት ስለሚፈቀድ፣ የቤት መኪናችንን የምንነዳ ይመስለናል። ሳጥኑ ግን ከኋላችን ስለሆነ ከፍታውን አናየውም፤ ዌዝም ቁመቱን አይጠይቀንም።

መኪናውን ስንረከብ «ማ ሃጎቫህ?» ብለን እንጠይቅ፤ ቁመቱን በወረቀት ጽፈን መሪው አጠገብ እንለጥፈው። በቀይ ክብ ምልክት ላይ 2.8 ሜትር ተጽፎ የእኛ 3.2 ከሆነ፣ ቀስ ብሎ ማለፍ የሚባል ነገር የለም። የምድር ቤት መኪና ማቆሚያም ያው ነው።

የጣሪያ ጉዳት በኢንሹራንሱ (ቢቱዋህ) መካተቱን ሳናረጋግጥ ውሉን አንፈርም፤ ካልተካተተ ወጪው ከኪሳችን ነው። በማናውቀው መንገድ ዝቅተኛ ድልድይ ከገጠመን የአደጋ መብራት አብርተን እንቁም፤ ወደ ኋላ ለመመለስ የሚያስቸግር ከሆነ 100 ደውለን ፖሊስ እንጥራ።