የሚሞቅ ሶኬት፦ መንስኤውና መፍትሔው

በካህናት መኖሪያ ቤቶች፣ በሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤቶችና በዕቃ ቤቶች ውስጥ የኤሌክትሪክ ሶኬት ሲሞቅ፣ ሲጠቁር ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ሲሸት «ብሬከሩ እስካላቋረጠ ድረስ ችግር የለም» ተብሎ ብዙ ጊዜ ይታለፋል። ይህ አስተሳሰብ የተሳሳተ ነው። የዚህ ትምህርት ዓላማም ምክንያቱን ማስረዳትና ሰበካ ጉባኤያት ሊወስዱት የሚገባውን እርምጃ ማመልከት ነው።

ሶኬት ለምን ይሞቃል?

ዋና ዋናዎቹ መንስኤዎች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ከዐቅም በላይ መጫን ነው። በአገራችን ለቤት የሚዳረሰው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት በመሆኑ፣ 16 አምፔር የሚችል ሶኬት ሊሸከም የሚገባው ከፍተኛ ጭነት 3,520 ዋት ነው። እያንዳንዳቸው 2,000 ዋት የሚወስዱ ምድጃና የውኃ ማፍያ በአንድ ማከፋፈያ ላይ አብረው ቢሰኩ 18 አምፔር ያህል ስለሚስቡ ከሶኬቱ ዐቅም ያልፋሉ። የእንጀራ ምጣድ ደግሞ ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ ሊወስድ ስለሚችል፣ ለራሱ ብቻ የተዘረጋ መስመር ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው መንስኤ የግንኙነት መላላት ነው። ሽቦውን የሚይዘው ብሎን ሲላላ ወይም መሰኪያውን የሚጨብጠው የውስጥ ብረት ሲሰፋ፣ ሁለቱ የሚነካኩበት ስፍራ ያንሳል፤ በዚያች ነጥብም ሙቀት ይፈጠራል። ሙቀቱ ብረቱን ያበላሻል፤ የተበላሸው ብረትም ሙቀቱን ይጨምራል። ብሬከር የሚቆጣጠረው በመስመሩ የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ መጠን እንጂ የሶኬቱን ሙቀት አይደለም። ስለዚህ የላላ ሶኬት፣ ብሬከሩ ምንም ሳያቋርጥ፣ እሳት እስከ ማስነሣት ሊደርስ ይችላል።

ምን ይደረግ?

1. በሚሞቀው ሶኬት መጠቀምን ወዲያው ማቆም፤ ኃይሉን ከብሬከሩ ማጥፋትና ማንም እንዳያበራው ማስታወቂያ መለጠፍ።

2. ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ መጥራት። ባለሙያው ሶኬቱን ከመፍታቱ በፊት ኃይል አለመኖሩን በመለኪያ ያረጋግጣል፤ የጠቆረውን የሽቦ ጫፍ ቆርጦ ንጹሑን መዳብ ያወጣል፤ ብሎኑንም አጥብቆ ያስራል።

3. የቀለጠ ወይም የጠቆረ ሶኬት በአዲስ ይተካል እንጂ ተጠርጎ አይመለስም። የተቃጠለ መሰኪያም አዲሱን ሶኬት መልሶ ስለሚያበላሸው አብሮ መለወጥ አለበት።

4. ብሬከሩ ደጋግሞ ቢያቋርጥ ከፍ ያለ አምፔር ባለው ብሬከር መተካት አይገባም፤ እንዲህ ቢደረግ ሽቦው በግድግዳ ውስጥ ሳይታይ ይነዳል። የሚገባው ጭነቱን መቀነስ ወይም መስመሩን ማስመርመር ነው።

5. ለማሕሌትና ለክብረ በዓል የሚዘረጋ የድምፅ ማጉያ ገመድ ከምንጣፍ ሥር አይለፍ። በዚያ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ በእግር ሲረገጥም ሽፋኑ ይጎዳል።

6. እሳት ቢነሣ ኃይሉ ባልተቋረጠበት መስመር ላይ ውኃ ፈጽሞ አይረጭ።

የሰበካ ጉባኤው ድርሻ

በየሦስት ወሩ አንድ ቀን መድቦ በግቢው ያሉትን ሶኬቶችና ማከፋፈያዎች በዓይን መመልከት፣ የታየውን ጉድለት በቃለ ጉባኤ መመዝገብና የጥገናውን ወጪ በዓመታዊ ዕቅድ ማካተት ያስፈልጋል። ቅድሚያ የሚሰጠው ለዕቃ ቤቱ ነው። በዚያ የተቀመጡት የብራና መጻሕፍትና አልባሳት አንድ ጊዜ ከተቃጠሉ በምንም ገንዘብ አይተኩም፤ የሶኬት ዋጋ ግን ከማንኛውም ደብር ዐቅም በላይ አይደለም።